ንዳዱና የግርማ ቃል

ባለፈው ወር የልጅ ልጄን ሔራንን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደንጊ የሚሉት የትንኝ ትኩሳት ይዟት ከተነሳች ሦስት ሳምንት ቢያልፍም ደረጃ ስትወጣ ትደክማለች፤ ስታበጥርም ፀጉሯ ይነቀላል። ወጣቱ ሐኪም የላብራቶሪውን ወረቀት ገለጥ አድርጎ «ቫይታሚን ዲዋ ወርዷል» አለ። ሳቄ መጣ። «በድሬዳዋ ፀሐይ? አቦ ሌላ በሽታ ፈልግላት!» አልኩት። እሱም ሳቅ ብሎ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ትኩሳት አንዳንድ ሰው ላይ ቫይታሚኑንም ሆርሞኑንም እንደሚያዛባ፣ ሴቶች ላይ የወር አበባን ሊያዘገይ ወይም ለጊዜው ሊያስቀር እንደሚችል፣ ሰውነት ሲያገግም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እንደሚመለስ አስረዳን። ሔራን ስልኳን እየነካካች «እሺ» አለች። እኔ ግን ከወንበሩ መነሳት አቃተኝ።

በጃንሆይ ዘመን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ለግርማ ታጭቼ ነበር። ግርማ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ስንቴ ቢታጠብ እጁ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። ቀልድ ይወዳል፤ ሲያፍር ደግሞ ጆሮውን ያሻል። ሰርጋችን ለጥር ተቆርጦ እናቴ ከወዲሁ በርበሬ ማስቀንጠስ ጀምራለች።

የዚያን ክረምት ደጋው ላይ በኃይል ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሁለት ቀን ሞልቶ ወረደ። ጎርፉ ሲጎድል ትንኙ በዛ። ግቢያችን ውስጥ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል ነበር፤ የዛሬ ልጆች ትንኝ እዚያ ውስጥ እንደምትራባ ያውቃሉ፣ እኛ በርሜሉ ሙሉ ከሆነ ተመስገን ብለን እንገባ ነበር። አንድ ረቡዕ ከቀፊራ ገበያ ማንጎና ሽንኩርት ይዤ ስመለስ ትኩሳት ጀመረኝ። ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት ያዘኝ፤ አጥንቴ ሁሉ የተቀጠቀጠ መሰለኝ። ያኔ ትኩሳት ሁሉ ንዳድ ነው፤ ሌላ ስም አናውቅለትም።

ሦስት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። የቀረልኝ ትዝታ ቁርጥራጭ ነው፦ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ሲንጣጣ፣ የሎሚ ሽታ፣ አንገቴ ላይ ያረፈ የወንድ እጅ። ድሬ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሯን ዘግታ ትተኛለች። በዚያ ሰዓት እናቴ ጋደም ስትል፣ ግርማ ከሥራ መጥቶ ሲያራግበኝና በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሰኝ እንደነበር ስድን ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ያኔ ገና ምንም አላሰብኩም።

ከዳንኩ በኋላ ግን ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆነብኝ። የሽንኩርት ሽታ ያስመልሰኛል፤ ጥሬ ማንጎ በጨው ካልበላሁ ምግብ አይወርድልኝም። በእኛ ግቢ የሴት ልጅን ወር የምትቆጥረው እናት ናት፣ የምትቆጥረውም በልብስ ገመዱ ነው፤ የወር አበባ ጨርቃችንን አጥበን ወንድ እንዳያየው ከነጠላ ሥር እናሰጣለን። አንድ ቀን እናቴ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለት ወር ሙሉ ጨርቅሽን አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከበሽታው ድካም የመጣ መስሎኝ ነበር።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ማን ነው?» አለችኝ። ማንም የለም ብዬ ማልኩ፣ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን እነዚያ ሦስት ቀናት ትዝ አሉኝ። ስለማላስታውሰው ቀን እንዴት ብዬ ልማል? ግራ ገባኝ። በራሴ ገላ ላይ ምስክር መሆን አቃተኝ።

አባቴ በነጋታው ግርማን አስጠራው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜአለሁ። አባቴ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ይህ ነገር የማን ነው?» አለው። ግርማ ጆሮውን አሸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኔ ነው፣ አባባ» አለ።

በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ። የአንገቴ ላይ እጅ፣ የተዘጋው በር፣ የተኛው ሰፈር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ለካ ራሴን ሳላውቅ ነው የነካኝ! አባቴ ሰርጉ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ቆረጠ። እኔ የግርማን ዓይን ማየት አልፈልግም ብዬ አበድኩ። እናቴ ግራ ተጋባች፦ «እሱ የእኔ ነው ካለ ምን ቀረሽ? ካገባሽ ማን ምን ይልሻል?» ለምን እንደጠላሁት ልነግራት አፌ አልታዘዘልኝም። ሰርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ባቡር ላይ ተሳፍሬ ልጠፋ ልብሴን ቋጥሬ ነበር።

በዚያው ቀን እናቴ የእርግዝናውን ወር ለማወቅ ብላ ወደ ሰፈሩ አዋላጅ ወደ አደ ዘይነባ ወሰደችኝ። አደ ዘይነባ ሆዴን በሁለት እጇ ጫን ጫን አደረገች፣ ዓይኔን ገልጣ አየች፣ ስለ ንዳዱ ጠየቀችኝ።

«ወላሂ እዚህ ውስጥ ምንም የለም!» አለች። «ዘንድሮ ይሄ ንዳድ የያዛቸው ሦስት ሴቶች እንዲህ ብለው መጡብኝ፤ አንዷማ ባሏ ሀገር ውስጥ የለም፣ ልትሞት ነበር በድንጋጤ። ንዳዱ ነው ያደረቃት። ሾርባ አጠጫት፣ ይመጣል።»

«ኧረ ልጁ የእኔ ነው ብሏል እኮ!» አለች እናቴ።

«እሱን ራሱን ጠይቂው፣ አቦ።»

በአምስተኛው ቀን የወር አበባዬ መጣ። ጨርቄን አጥቤ ከነጠላው ሥር ሳይሆን ከላይ አሰጣሁት፤ እናቴም አላወረደችውም።

ሰርጉ ወደ ጥር ተመለሰ። ግርማ እንደሰማ መጣና በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እኔ ነኝ የጀመርኩት።

«ያላደረግከውን ለምን አደረግኩ አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል? አባትሽ ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ካልሆንኩ አንቺ ነሽ የምትመቺው።»

«ሌላ ሰው አለ ብለህ አሰብክ?»

ጆሮውን አሸ። «አሰብኩ። ግን ታመሽ ነበር፤ ማን ምን እንዳደረገሽ በምን አውቃለሁ? ልጁን አሳድጋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ ያን ያህል ለምን ጠላሽኝ?»

«አፍሬ ነው» አልኩት።

አመነኝ። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን፣ አራት ልጆች አሳደግን። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ሙሽራ ከእፍረቷ የተነሳ በባቡር ልታመልጠኝ ነበር» እያለ ያስቅብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሔራን የታዘዘላትን ክኒን ይዛ ክንዴን ደገፍ እያደረገች ከሐኪም ቤቱ አስወጣችኝ። «አያቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? እኔ እኮ ድኛለሁ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የዚያን ክረምት ነገር በንዳዱ ሳመካኝ ኖሬአለሁ፣ አሁን ደግሞ ሐኪሙ ማስረጃ ሰጠኝ። ደሜን ያስቀረው እርግጥ ንዳዱ ነው። ግርማን የጠረጠርኩት ግን ከዳንኩ በኋላ፣ ራሴን እያወቅኩ ነው።