ከፋሲካ በኋላ የተመለሰው ትኩሳት

መጀመሪያ የተሰማኝ ላብ ነበር። ነገሌ ላይ ላብ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። ይሄኛው ግን ብርድ ብርድ ካለኝ በኋላ፣ መሸት ሲል ጠብቆ የሚመጣ ነበር። ቀጥሎ ወገቤን ያዘኝ፤ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አቃተኝ። ለወባ ተመረመርኩ፣ የለብኝም። ታይፎይድ ነው ተባልኩና ኪኒን ዋጥኩ። ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም።

ጎረቤቴ አዴ ዳቢ የጉጂ ሴት ናቸው፤ ከብቶቻቸው ሊበን ገጠር ናቸው። መታመሜን ከሰሙ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወተት ይዘውልኝ ይመጣሉ።

«አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ? ጠጪ፣ ወገብሽን ያቆመዋል» ይሉኛል።

ወተት እሳት ከነካው ጉልበቱ ይሄዳል ባይ ስለሆኑ አያፈሉትም። እኔም ጥሬውን እጠጣለሁ። የእሳቸውን እጅ መመለስ ነውር ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ለታመመ ይፈቀዳል ብባልም፣ ወተቱን ተውኩ። አዴ ዳቢ አኮረፉኝ። ጾሙ ሲጋመስ ትኩሳቱ ጠፋ። እግዚአብሔር ጾሜን አየልኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መሬት ሳምኩ። በፋሲካ ገደፍኩ፤ አዴ ዳቢም ታርቀውኝ ወተታቸውን ይዘው መጡ።

ሰነበተና ተመለሰ። መቆም አቃተኝ። ግድግዳ እየያዝኩ ሄድኩ። ልሞት ነው አልኩ።

ከሕመሙ የባሰብኝ ሐሳቡ ነው። እግዚአብሔር ስጾም ያስበኛል፣ ስገድፍ ይረሳኛል ማለት ነው? ዳዊቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እነሣለሁ፣ እተኛለሁ። እንደገና ልጹም ብዬ ደግሞ እህል ቀነስኩ። ቀሚሴ ላዬ ላይ ይዞር ጀመር።

ሆስፒታል ያገኘሁት ሐኪም ይሄን ሁሉ ስነግረው መጻፉን አቆመ።

«ጾም ካልሆነ ወተት ትጠጫለሽ? ጥሬውን?»

ደሜ ተመረመረ። ብሩሴሎሲስ ነው፤ ከከብት በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ።

«ታዲያ በጾሙ የዳንኩት ወተቱን ስለተውኩ ነው?» አልኩት።

«አልዳንሽም ነበር። መሄድ መምጣት የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው። የጾሙ ወሬ የጠቀመን ምን እንደምንመረምር ለማወቅ ነው።»

ለካ ጾሜ አላዳነኝም፣ መግደፌም አላስቀጣኝም። የእግዚአብሔርን ታማኝነት በትኩሳቴ ስለካ ከርሜያለሁ። ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን ለሳምንታት ወሰድኩ፤ ሆዴን እያቅለሸለሸኝም ቢሆን፣ መጀመሪያ ላቡ፣ ኋላም የወገቤ ሕመም ቀስ በቀስ እየቀለለኝ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሳላርፍ መሄድ ቻልኩ።

የከበደኝ ለአዴ ዳቢ መንገር ነበር። ነገርኳቸው።

«እኔ ነኝ ያሳመምኩሽ?» አሉኝ።

«እርስዎስ፣ ወገብዎን የሚያምዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

ዕድሜ ነው ብለው ለዓመታት የተሸከሙት ሕመም ነበር። እምቢ ሲሉ ለምኜ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳቸው። የእሳቸውም ያው ሆኖ ተገኘ። መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዛሬ ከእኔ ቀድመው ገበያ ይደርሳሉ።

እንደ እኔ ትኩሳቱ እየሄደ ለሚመለስባችሁ፦ የምትጠጡትንም ለሐኪም ንገሩ፤ ወተት አፍሉ፤ ሲሻላችሁ ኪኒኑን አታቋርጡ። ለሐኪሙም፣ ለአዴ ዳቢም፣ ከሁሉ በላይ ለእግዚአብሔር ምስጋናዬ ብዙ ነው። ያም ሆኖ ዛሬም ሲመሽ አንገቴን ዳሰስ አደርጋለሁ፤ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ትኩሳት ቢመጣም እግዚአብሔር አልሄደም ብዬ በደኅናዬ ቀን ለራሴ እነግረዋለሁ። በሕመም ቀን ማስታወስ ይከብዳል።