ጥቁሩ ውሻ በሽንዲ መንገድ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ቡሬ አጠገብ ወዳለ ገበሬ ቤት ስዳር፣ አባቴ ከአንዲት ጊደር ጋር ጥቁር ውሻ አስከትሎ ሸኘኝ። ውሻው የጮቄ ተራራ ዘር ነው፤ ጠጉሩ እንደ በግ ለምድ የወፈረ፣ ለውርጭ የተፈጠረ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ከብት ሲጠብቅ ካዩት በኋላ ለሱ ሳይቆርሱ እራት አይበሉም ነበር።

መጋቢት ላይ የቡሬ ሣር አለቀና ከብቶቹን ከሽንዲ በታች ወዳለው ቆላ ልንወስድ ተነሣን። ባሌ እግሩን ወለም ብሎት ስለቀረ የሄድነው እኔና አማቴ ነን፤ ስንቁን አህያ ላይ ጭነናል።

እኩለ ቀን ላይ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ገባን። ውሻው ግን ሥራውን አልተወም፤ ያፈነገጠች ጥጃ ባየ ቁጥር እየሮጠ ይመልሳል። ድንገት እግሩ ሲወላገድ፣ ልሃጩ ሲዝለገለግ አየሁ።

«አባባ፣ ይቁሙ! ውሻው ሊሞትብን ነው!»

«ወንዙ ቅርብ ነው ልጄ፣ እስከዚያ ይታገሣል» አሉኝ ሳይዞሩ።

ተናግረው ሳይጨርሱ ተዘረረ።

ሮጥሁ። አባቴ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ውሻ ሙቀት ሲጥለው አይቻለሁ፤ ጀርባው ላይ የሚፈስ ውኃ ከጠጉሩ ሥር አይደርስም። የመጠጥ ውኃችንን ቅል ከአህያው አወረድሁና ሆዱን፣ ብብቱን፣ መዳፉን አራስሁለት። በነጠላዬ ጫፍ ሳራግብለት ድንገት ጥላ ሆነብኝ። ቀና ስል አማቴ ጋቢያቸውን አውልቀው፣ በዱላቸው ወጥረው ከላያችን ቆመዋል። እሳቸው በፀሐዩ ይቃጠላሉ።

ከሽንዲ ገበያ የሚመለስ ነጋዴ አየንና ሳቀ። «አባቴ፣ ለውሻም ድባብ ይያዝ ጀመር?»

«ማታ ጅቡን አንተ የምትመልስልኝ ከሆነ አወርደዋለሁ» አሉት።

ነጋዴው ሳቁን ዋጠና የራሱን ውኃ አውርዶ ሰጠን።

ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ ጅራቱ አቧራውን መታ! በሜዳው መካከል እንደ ሰርገኛ እልል አልሁ። አማቴ «ስንቁን እኔ እሸከመዋለሁ» ብለው አወረዱት፤ ውሻውን አህያው ላይ ጫንነውና በግራና በቀኝ ደግፈን ሄድን። ከብቶቹም ውኃው ሸቷቸው በራሳቸው ቀደሙ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሻው ከእጃችን አምልጦ ዘለለ፤ እስከ አንገቱ ውኃው ውስጥ ተኛ፤ ወጥቶም ሲራገፍ ሁለታችንንም አበሰበሰን።

አማቴ ወንዙ አጠገብ ካለ ቤት መቀስ ተውሰው ሙልጭ አድርገው ሊሸልቱት ተነሡ።

«አይሆንም አባባ! የጀርባው ጠጉር ፀሐዩን ይከለክልለታል። የተቋጠረውን እናበጥርለት፣ የሆዱን ብቻ እንቁረጥለት» አልኋቸው። ለአማት እንዲህ ደፍሬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ትንሽ አዩኝና መቀሱን አቀበሉኝ። «በይ እንግዲያ፣ ጠባዩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ እየተነሣን፣ ፀሐይ ስትበረታ ጥላ እየያዝን፣ ሲበርድ እየቀጠልን ቆላ ገባን። የቆላ ሰዎች «ይህን የመሰለ ጠጉራም በዚህ ሐሩር እንዴት ኖረ?» እያሉ ውሻውን ከበቡት። አማቴ ደረታቸውን ነፍተው «የምራቴ ነው፤ አያያዙን እሷን ጠይቁ» አሏቸው። እኔም ተቀምጬ፣ የውሻውን መዳፍ ይዤ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው።