የአረፋ ትራፊና የቻይና እንቁላል

ሚስቴ ከሞተች በአምስተኛው ወር፣ በአረፋ ማግስት፣ ታላቅ እህቷ ልጄን ሊወስዱ ከአጋሮ መጡ። በአንድ እጃቸው ከበዓሉ የተረፈ የበሬ ጥብስ ቋጥረው፣ በሌላው ሻንጣ አንጠልጥለው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ካለው ቤቴ ገቡ። ሻንጣው ባዶ መሆኑ ከአያያዛቸው ያስታውቃል። የማን ልብስ ሊገባበት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ጀመሩ። «ልጅቷ አሥራ ሁለት ሞላት። ሴት ልጅ በወንድ እጅ ብቻ አታድግም። ምንድን ነው የምታበላት? ሻይ በዳቦ?»

ሻይ በዳቦ ብዙ ቀን አብልቻታለሁ፤ አልዋሽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌላ ነገር ለመሥራት ጉልበትም ልብም አልነበረኝም። ያ ግን አልፏል። ሰውን በወደቀበት ቀን ብቻ የሚለኩ ሰዎችን አልወድም።

«አዴ፣ ምሳ በልተን እንነጋገራለን» አልኳቸው፤ በእኛ ዘንድ ታላቅ ሴት አዴ ትባላለች። «የምሠራው እኔ ነኝ።»

«አንተ?» ብለው ሳቁ። «ሜ፣ እስቲ ጉድህን እንየው።»

እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሦስት ዓመት ነው፤ አጥርቼ ማንበብ የለመድኩት ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ከአጋሮ ወዲያ መንገድ ይሠሩ በነበሩ ቻይናዎች ካምፕ ለኩሽናው መደርደሪያ ልሠራ ገብቼ፣ ሰው ስላጠራቸው ሽንኩርት ላጭ ሆኜ ቀረሁ። አስተምሩኝ አላልኩም፤ የምንግባባበት ቋንቋም አልነበረንም። የሰው ሙያ በዓይን ይሰረቃል፤ ይህ ስርቆት ደግሞ ሐራም አይደለም። አብሳዩ ምግብ ሲጣል ማየት የማይችል አጭር ሽማግሌ ነበር። የትናንት ሥጋ፣ የተረፈ ጎመን፣ ግማሽ ካሮት፣ ሁሉንም አድቅቆ ይከትፍና በእንቁላል አዲስ ምግብ ያደርገዋል። የእነሱን ሥጋ አልበላሁም። የራሴን መጥበሻና ሙስሊም ያረደውን ሥጋ ከቤት ይዤ እሄድ ነበር። ሽማግሌው ምክንያቱን ይወቅ አይወቅ እንጃ፣ መጥበሻዬን ግን ከሌሎቹ ለይቶ ይሰቅልልኝ ነበር።

የሚያሳፍረኝንም ልናገር። ለባዕድ ሰው ሁለት ዓመት ሽንኩርት የላጥኩ ሰው ለሚስቴ አንድ ቀን አልላጥኩም። «እዚያ የምትሠራውን ለእኛም ሥራልን» ብላኝ ነበር። «ጎረቤት ምን ይላል?» አልኳት። ያን ያህል የፈራሁት ጎረቤት የራሱ ጉዳይ ሞልቶት ስለ እኔ ለማሰብ ጊዜም አልነበረውም ይሆናል። አሁን ሳበስል የኩሽናውን በር ወለል አድርጌ የምከፍተው ለዚህ ነው። ማየት የፈለገ ይይ።

ልጄ ሽንኩርት ልትከትፍልኝ ስትነሳ «ተቀመጪ» አልኳት። ጥብሱን ከአጥንቱ ለይቼ በደቃቁ ከተፍኩት፤ አጥንቱን ለመረቅ ጣድኩት። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያና ሽንኩርት አቅጥኜ ከትፌ ከትንሽ ዝንጅብል ጋር በኃይለኛ ከሰል ለአፍታ አማሰልኩና በሳህን ዘርግቼ አቀዘቀዝኳቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትኩሱን አትክልት እንቁላሉ ውስጥ ይዘረግፈዋል፤ እንቁላሉም መጥበሻ ሳይነካ መርጋት ይጀምራል። ትዕግሥት የሌለው ሰው እንቁላል እንኳ በወጉ አይጠብስም። ሰባት እንቁላል መትቼ ሁሉንም ቀላቀልኩ። ዘይቱ እስኪግል ጠብቄ፣ በጭልፋ እየጨለፍኩ፣ መዳፍ የሚያህል ጣት የሚወፍር አድርጌ መጥበስ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ስገለብጠው ተሰበረ።

አዴ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ተሰበረብህ» አሉ።

«ሆድ ውስጥ ሳይሰበር የሚገባ የለም፣ አዴ።»

«ማነው ይሄን ያስተማረህ?»

«ቻይና።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አዑዙቢላህ። አህያ የሚበላ ሰው ያስተማረህን ነው ለእህቴ ልጅ የምታጎርሰው?»

«ሥጋው እርስዎ ያመጡት ነው። እንቁላሉ የጎረቤት ዶሮ የጣለችው ነው። የቻይና የሆነው አጠባበሱ ብቻ ነው፤ አጠባበስ ደግሞ አይታረድም።»

ልጄ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። አክስቷ ገላመጧት። እኔ መረቁን በጥቂት ዱቄት አወፍሬ በእንቁላል ጥብሱ ላይ አፈሰስኩና አቀረብኩ።

ቢስሚላህ ብለን ቀረብን። አዴ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ እንጂ አልነኩም። «ልጅቷ ራሷ ትናገር» አሉ። ወደ እሷ ዞረው፣ «አጋሮ ትመጫለሽ?»

ልጄ የጎረሰችውን አላምጣ ከዋጠች በኋላ መለሰች። «እኔ ከሄድኩ ለአባዬ ማን ይሠራለታል?»

አዴ ወደ እኔ አመለከቱ። «ሰማህ? ሠራተኛ ነው ያሳደግከው።»

ከዚያ ሁሉ ንግግር አጥንቴ ድረስ የገባው ይህ ነው። እውነት ከሆነ ልብሷን ራሴ አጣጥፌ መስጠት ነበረብኝ። «ስሚኝ» አልኳት። «ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ። ብትሄጂም ብትቀሪም ኩሽናው የእኔ ነው። የምትቀሪው ለእኔ ለማብሰል ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ።» እሺ ብትለኝ ቃሌን የማጥፍበት አፍ አልነበረኝም።

ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ከዚያ ወደ አክስቷ ቀና ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ክረምት እርስዎ ጋ ስቆይ ለስምንት ሰው የማበስለው እኔ ነበርኩ። ወንዶቹ ልጆችዎ የበሉበትን ሳህን እንኳ አያነሱም። እዚህ ተቀመጪ እባላለሁ፣ ተቀምጬ አጠናለሁ። ለአባዬ ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው።»

«ሴት ልጅ ካልሠራች ምን ትሆናለች?» አሉ አዴ። መቆጣታቸው አልነበረም፤ የምራቸውን ይጠይቁ ነበር።

«ትሠራለች» አልኩ። «የራሷን ድርሻ። የእኔንም የልጆችዎንም ድርሻ ግን አትሠራም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል፣ አዴ።»

ሳይቀምሱ ተነሱ። እኔም አልለመንኳቸውም። ታላቄ ናቸውና እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው፤ የአጋሮው ሚኒባስ እስኪሞላም አብሬያቸው ቆምኩ። አልተስማማንም። ሊገቡ ሲሉ «ለመውሊድ እመጣለሁ። ከስታ ካገኘኋት አንተንም አልጠይቅ፣ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

«ይምጡ» አልኩ። «በሩ ክፍት ነው።»

ቤት ስመለስ ልጄ የአክስቷን ድርሻ ግማሹን በልታ ግማሹን ለእኔ ከድና አስቀምጣ፣ ደብተሯን ዘርግታ አገኘኋት። ቀና ሳትል «ጨው በዝቶበታል» አለችኝ። ቀመስኩት። በዝቶ ነበር።