ከተረከዝ የሚነሣ ዱላ

አጎቴ አንሙት ደርቤ ደብረ ወርቅ አጠገብ አራሽ ነበር። ልጅ ሳለ በሬ ረግጦት ቀኝ እግሩን ያነክሳል። በጥምቀት ምክቶሽ ግን፣ አንዱ በዱላ ሲሰነዝር ሌላው በዱላ በሚመክትበት ጨዋታ ማለቴ ነው፣ በዚያ አገር የጣለው ሰው አልነበረም። በእርምጃው የሳቁበት ሁሉ ኋላ የጀርባቸውን አቧራ ያራግፉ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት አንሙት ዱላውን ይዞ ከአርበኛው ከፊታውራሪ ታረቀኝ ጦር ጋር ተቀላቀለ። ጦሩ የሰፈረው ከደጀን ወዲህ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ክረምቱ ሲከብድ ስንቅ አለቀና ፊታውራሪ ጠመንጃ የሌለው ሁሉ ወደየቤቱ ይመለስ ብለው አዘዙ። የተመለሰ ሰው ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ ለጣሊያን ሹም እጅ ነስቶ አደርሁልህ ማለት። አንሙት ከዚያስ ገደሉ ይሻለኛል አለ።

ፊታውራሪ ፊት ቀርቦ ከጋሻ ጃግሬያቸው ከደምለው ጋር ልግጠም ብሎ ለመነ። አንሙት ከወደቀ ዱላ የያዘው ሁሉ ይሄዳል፤ ካልወደቀ ሁሉም ይቆያል፣ እርሱም ያሠለጥናቸዋል። ፈቀዱለት። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ደምለው ነው፣ ሸምግሎ። ያኔ ወይፈን የሚያህል ጎበዝ ነበር፤ አንሙት ግን ሸብቷል።

«አባቴ፣ እርስዎን ብመታ የደብረ ወርቅ ካህናት ይረግሙኛል» አለ ደምለው።

«አይዞህ ልጄ፤ መጀመሪያ ምታኝ፣ እርግማኑ ይደርሳል።»

ሰው ከበበ። ደምለው እንደ አገሩ ልማድ ፎከረ፤ የአባቱን ስም ጠራ፣ ጀብዱውን ዘረዘረ፣ እየዘለለ ዱላውን ሰበቀ። አንሙት ጉልበቱን ላላ አድርጎ፣ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ክብደቱን ተረከዙ ላይ ጥሎ ዝም ብሎ ቆመ። ደምለው «ዘራፍ» ብሎ ትንፋሹን ጨርሶ፣ እግሩ ገና መሬት ሳይነካ፣ አንሙት ወገቡን አዞረና የዱላውን ጫፍ ደረቱ ላይ አሳረፈ። ሲያዩት ምት አይመስልም፤ በር መግፋት ይመስላል። ደምለው በጀርባው ተዘረረ።

ያን ጊዜ ጉርምርምታ ተነሣ። በእኛ አገር የሚፎክር ሰው አይነካም፤ ሳይጨርስ መምታት ከስርቆት ይቆጠራል። ፊታውራሪም ይህ ድል አይባልም፣ ነውር ነው አሉ። ዱላ የያዙት ሰዎች አቀረቀሩ።

«ጌታዬ» አለ አንሙት፣ «ጣሊያን ፎክረን እስክንጨርስ ይጠብቀናል?»

እንግዲያው ደምለው ሳይፎክር ይምታኝ፣ እኔ አልመታም፣ እመክታለሁ ብቻ አለ። ደምለው በሙሉ ጉልበቱ ደጋግሞ ሰነዘረ። አንሙት ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ምቱን በዱላው ተቀብሎ በወገቡ በኩል ወደ መሬት ያወርደው ነበር። በመጨረሻ የደምለው ጣቶች ደነዘዙና ዱላው ወደቀ። አንሙት የደምለውን እጅ ይዞ በገዛ ወገቡ ላይ አኖረለት፣ ቀጥሎም ሆዱ ላይ፤ ትንፋሹ የት እንዳለ እንዲያውቅ።

«እርፉን በክንዱ ብቻ የሚጫን ገበሬ ረፋድ ላይ ይዝላል» አለው። «ከተረከዝህ አንሣው፣ በወገብህ አሳልፈው። ክንድህ መንገድ ብቻ ይሁን። ትንፋሽህን ለምቱ አስቀርለት።»

እኔ በዕድሜዬ ስለ ድፍረት ብዙ አሰላስያለሁ። እኛ ዘንድ ድፍረት ጩኸት አለው፤ ጩኸቱንም እወደዋለሁ፣ ስሰማው ዛሬም ደሜ ይሞቃል። ነገር ግን የሚጮኽ ሰው ለዚያች ቅጽበት መሬቱን ይለቃል። አንሙት ፊደል ሳይቆጥር ያንን ቅጽበት አይቶታል፤ በዚህ እኮራለሁ።

ፊታውራሪ ካባቸውን አውልቀው ለደምለው ሰጡና መሐል ገቡ። አንሙት ተንበርክኮ የጌታውን ተረከዝ በእጁ አስተካከለ፣ ጉልበትዎን ያላሉ አላቸው፣ ተነሥቶም ትከሻቸውን በመዳፉ ነካ። ፊታውራሪ ተንገዳገዱ። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

«ዱላ የያዘ ሁሉ ይቆያል» አሉ፣ እግራቸውን መልሰው እየተከሉ። «በል አንሙት፣ እንደገና ግፋኝ።»