ፈረስ የሌለው ቃጭል

ከምማርበት ግቢ አጥር ውጭ ጠዋት ጠዋት አንድ የጋሪ ፈረስ ያልፋል፤ አንገቱ ላይ ያሰሩለት ቃጭል ድምፁ እስከ መኝታ ክፍላችን መስኮት ይደርሳል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ትራሳቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው ይገላበጣሉ፣ እኔ ግን ተነሥቼ ቁጭ ብዬ ድምፁ አልፎ እስኪጠፋ ድረስ አዳምጠዋለሁ። ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ ይዞብኝ ይመጣል፤ ጭቃው የተሰነጣጠቀ፣ በአንድ በኩል አባቴ የተኛበት፣ በሌላ በኩል ፈረሳችን የሚያድርበት ግድግዳ።

ቤታችን ከጥሊሊ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ውስጥ ነበር። አባቴ ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ነበር፣ ሰው ግን ይበልጥ የሚያውቀው በፈረሱ ነበር። ፈረሱን በመልኩ ዳማ ብለን እንጠራው ነበር። በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ፈረሱን ጭኖ ይወጣል፤ ባለቤቱ ሲሞትም ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ቃጭሉ ታስሮ፣ በለቀስተኛው መካከል እየተመራ ይዞራል። አባቴ ከእኛ ጋር በአማርኛም በአዊኛም ያወራ ነበር፣ ከዳማ ጋር ግን በአዊኛ ብቻ ነበር፤ እናቴም ደግ ደጉን ወሬ ለፈረሱ ጨርሶ ለእኛ ትርፍራፊውን ያመጣል እያለች ትቀልድበት ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ሲጋልቡ የዳማ እግር ጉድጓድ ገባና ፈረስና ሰው ተያይዘው ወደቁ። ዳማ ተነሣ፣ አባቴ አልተነሣም። እንጅባራ ወስደውት፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተልኮ፣ ብዙ ሰንብቶ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ተመለሰ። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም ነበር። የሚገርመው ግን ብንቆነጥጠው የማይሰማው እግሩ እሳት ውስጥ የገባ ያህል ያቃጥለው ነበር፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ ሕመሙ ሲነሣበት የጋቢውን ጫፍ ነክሶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ይቆያል፣ ላቡም በጆሮው ሥር ይወርድ ነበር። የሰጡት ኪኒን ቶሎ አለቀ፣ ሌላው ደግሞ ከማፍዘዝ በቀር ምንም አላደረገለትም።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ከዳንግላ የመጣው የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ታደለ፣ ፈረሱ ከዚህ ቤት ይውጣ አለ። ሰው የሰበረን እንስሳ አስሮ መቀለብ አይገባም ብሎ ሲሟገት፣ አባቴ ከአልጋው ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ «ጉድጓዱን ዳማ አልቆፈረውም፣ ታደለ» አለው። ያን ዕለት አባቴ አልጋው ከምድጃው አጠገብ ተነሥቶ በጋጣው በኩል ካለው ግድግዳ ሥር እንዲሆን ጠየቀ፣ ቀዝቃዛ ነው ብትለውም እናቴን አልሰማትም።

ከዚያ በኋላ እኔም እያየሁ የተረዳሁት ነገር ነበር። ከግድግዳው ማዶ ዳማ ድርቆሽ እያኘከ አንገቱን ሲያነቃንቅ፣ የአያቴ የነበረው የነሐስ ቃጭል ቀስ ብሎ ሲያቃጭል፣ የአባቴ መንጋጋ ይላላል፣ የተጨበጠው እጁ ይፈታል፣ ትንፋሹም ከቃጭሉ ጋር መሄድ ይጀምራል። ሕመሙ ይጠፋል ማለቴ አይደለም፤ ጠፍቶለት አያውቅም። ግን ቃጭሉ ከሕመሙ ጋር ብቻውን አይተወውም ነበር። አጎቴ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ዘፈንና መዝሙር የሞላበት ስልክ አምጥቶ ትራሱ ሥር አኖረለት፣ አባቴም አመስግኖ ትንሽ አዳምጦ ዝጉልኝ አለ፤ የሚዘፍኑት ሰዎች እሱን አያውቁትም ነበር።

ክረምቱ የከፋ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ነሐሴ ሲደርስ በአካባቢው የፈረስ በሽታ ገባ፣ የጎረቤታችን የአያ ሞላ የፈረስ ውርንጭላ ሞተ፣ ብዙም ሳይቆይ የዳማ ዓይን ከላዩ አብጦ አገኘነው። ከአፍንጫው አረፋ መውረድ ሲጀምር እናቴና አያ ሞላ ቃጭሉ መታመሙን እንዳያሳብቅ በእጃቸው እየያዙ ወደ መስኩ አወጡት፣ ለአባቴም ዝናቡ ጋብ ስላለ ይጋጥ ብለን ነው አሉት። ዳማ መስኩ ላይ ተኝቶ አልተነሣም። እናቴ ቃጭሉን ከነጠፍሩ ፈትታ በነጠላዋ ጠቅልላ ስትመለስ ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ ነበር።

አባቴ ገና ድምጿን ሲሰማ፣ «ዳማ ገባ?» አላት።

«ገብቷል» አለችው። ከዚያ እኔን በእጄ ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወደ ጋጣው አስገባችኝና ቃጭሉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «ትርንጎ፣ ፈረሱን ካጣ እኛም እሱን እናጣዋለን። ቀስ አርገሽ አነቃንቂው» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ባዶው ጋጣ ውስጥ ድርቆሹ ላይ ቁጭ ብዬ አቃጨልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ ወደ ጋጣው እገባ ነበር። እጄ ሲዝል በሌላው እጄ አደርገዋለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ እናቴ ራት አቅርባ ትተካኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩን ያውቅ ስለነበር ሊጠይቁት የሚመጡት ሰዎች ዳማ እንዴት እንደወፈረ እያወሩለት ይሄዱ ነበር። አያ ሞላማ ቅቤ የጠጣ ይመስላል እስከ ማለት ደርሶ፣ እናቴ በዓይኗ ገሥጻ አስቆመችው።

መስከረም አልፎ አደይ አበባው መርገፍ ሲጀምር፣ እናቴ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ በሄደችበት አንድ ቅዳሜ፣ ጋጣው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳቃጭል የአባቴን ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ሰማሁት። «ትርንጎ፣ ነይ እስቲ። ቃጭሉንም ይዘሽው ነይ» አለኝ። ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። ቃጭሉን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጠረገው።

«ፈረስሽ ጥርስ የለውም?» አለኝ።

ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ሲያኝክ አልሰማውማ። ዝንብ እንኳ አይነካውም። ደግሞ አንቺ የምታቃጭይው እንደ ቅዳሴ ነው፣ ልነሣና ልሰግድ ምንም አልቀረኝም» ብሎ ሳቀ። ከጥር ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ እየሳቀ ዕንባው ወረደ። የት እንደሞተ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቃጭሉን መልሶ መዳፌ ላይ አኑሮ፣ «እናትሽ እንዳትሰማ። አላወቀም ብላ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት» አለኝ።

ከዚያም አስተማረኝ። ፈረስ ሲግጥ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሣሩን ሲነጭ ቃጭሉ አንድ አጭር ድምፅ ይሰጥና ረጅም ዝምታ ይከተላል። ዝንብ ሲያባርር ድምፁ ይረባበሻል። ውኃ ሲጠጣ ምንም አይሰማም፣ ጠጥቶ ቀና ሲል ግን አንዴ ብቻ በደንብ ይመታል። አቀበት ሲወጣ ድምፁ ይከብዳል፣ ቁልቁለት ላይ ይሰባበራል። ስሳሳት እያረመኝ፣ ድምፁን ልክ ሳገኘው ዓይኑን እየጨፈነ፣ በዚያ ጥቅምትና ኅዳር እናቴ ከቤት ስትወጣ አብረን እንሄድ ነበር። እሱ ከአልጋው ሆኖ መንገዱን ይነግረኛል፣ እኔ አቃጭላለሁ። ከበራችን ወጥተን በዛፎቹ መካከል አልፈን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ወደ ጥርባ ወጥተን የዘንገናን ሐይቅ ከላይ ሆነን እናያለን። እዚያ ስንደርስ ፈረሱን እናሳርፈዋለንና አላቃጭልም፤ አባቴ በዚያ ዝምታ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

የማይሆንባቸው ቀኖችም ነበሩ። ገና ከበሩ ሳንወጣ እጁን አንሥቶ በቃ ይለኛል፣ እኔም ቃጭሉን ጉያዬ ውስጥ ከትቼ ጥርሱ ሲፋጭ እየሰማሁ እቀመጥ ነበር። በእነዚያ ቀኖች ጥሩ አቃጭዬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስብ ነበር። ልጅ ነበርኩ።

ታኅሣሥ ውርጩን ይዞ ሲመጣ የመኝታው ቁስል አመረቀዘ፣ ትኩሳቱም አልበርድ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠራኝ። እኔም እንደ ወትሮዬ ዛሬ ወዴት እንሂድ ብዬ ጠየቅሁት።

«ወደ ቤት» አለኝ። «መመለሻውን አስተምሬሽ አላውቅም። ፈረስ ቤቱ ሲቀርብ ማንም ሳይነግረው ይፈጥናል።»

ከዘንገና ቁልቁል ወረድን፣ ወንዙን ተሻገርን፣ ዛፎቹ ጋ ስንደርስ አፈጠንኩ። አባቴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለዳማ በአዊኛ አንድ ነገር አለው፣ ምን እንዳለው ግን አልሰማሁም። በማግሥቱ ጠዋት፣ ራሱ እናቴ ጭን ላይ እንዳለ፣ አረፈ።

ለቅሶው ላይ የሚመራ ፈረስ አልነበረንም። አያ ሞላ የራሱን ነጭ ፈረስ አምጥቶ፣ የአባቴን ኮርቻ ጭኖ፣ ቃጭሉን አንገቱ ላይ አሰረለት፣ ፈረሱም በለቀስተኛው መካከል ዞረ። ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ያለቅስ ነበር። ነጩ ፈረስ ሕዝቡ አስደንግጦት አንገቱን ይወረውር ነበርና ቃጭሉ የዳማን ድምፅ ትቶ ዝም ብሎ ይንጫጫ ነበር። እናቴ እስከዚያ ድረስ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች፣ «የዳማ አይመስልም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንቺ ትሻይ ነበር። ወንዙን ስታሻግሪውማ ከበሩ ውጭ ቆሜ እኔም እሻገር ነበር» አለች።

አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሰሞን አስተማሪያችን ድምፅና ሙዚቃ የታመመ ሰውን ሕመም እንደሚያቀልሉለት ሲያስረዱን እጄን አነሣሁ፣ ምን ልትጠይቂ ነው ሲሉኝ ግን መልሼ አወረድኩት። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ሁሉም በየስልኩ የወደደውን እየሰማ ይተኛል፣ እኔም እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንዱን ከፍቼ ሌላውን እዘጋለሁ። ቃጭሉ ሻንጣዬ ውስጥ ነው፣ ሌሎቹን እንዳይረብሽ ውስጡን በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ቤታችን ያለው ጋጣ የድንች ማስቀመጫ ሆኗል፣ እናቴም አልጋውን ወደ ምድጃው መልሳዋለች።

ዛሬ ጠዋት የጋሪው ፈረስ ሲያልፍ የቃጭሉ ድምፅ አንዴ ይከብድ አንዴ ይቀል ነበር። ወደ መስኮቱ ሳልሄድ የፊት እግሩን እያነከሰ እንደሆነ አወቅሁ። ያኔ ቢሆን ከግድግዳው ማዶ ሆኖ የትኛውን እግር ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር።