ሸጎሌ ደርሷል

ሰው «ሎኬሽን ላክልኝ» ሲለኝ ዛሬም እጄ ይከብደኛል። ትናንት አንድ ጓደኛዬ እንዲያ ሲለኝ፣ በቃ፣ መንገዱን በአፌ ነገርኩት። ወንድሜ በረከት ትዝ ብሎኝ ነው።

የመጨረሻዋ ደህና ቀን ቅዳሜ ነበረች። በረከት ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ይማር ነበር። በማግስቱ ከክፍሉ ልጆች ጋር ወደ ጀማ ሸለቆ ሊሄዱ ነው፤ ድንጋይ ሊያጠኑ፣ ደርሶ መልስ። ካርታውን የሚያዘጋጀው እሱ ነበር። ሽሮ ሜዳ ባለችው ቤታችን፣ አልጋው ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ በሳተላይት ፎቶው ላይ የሚቆሙበትን ቦታ በቀይ ነጥብ፣ በእግር የሚወርዱበትን በሰማያዊ መስመር ምልክት ያደርጋል። እኔ አጠገቡ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

«ይህቺ ነጭ መስመር ምንድን ናት?»

«የእግር መንገድ። በዚህ ከወረድን ዙሪያውን አንዞርም።»

«ቁልቁለት አይደለም እንዴ?»

«ዊንጌት ድረስ እንኳ በእግርህ ሄደህ አታውቅ፣ ቁልቁለት ልታስተምረኝ?»

እናታችን ከጓዳ ሆና፣ «ደብረ ሊባኖስ ካለፋችሁ ጠበል አምጣልኝ» አለችው።

«እማዬ፣ እኔ የማመጣልሽ ድንጋይ ነው።»

ከዚያ ያለበት ቦታ በእኔ ስልክ ላይ በአንዲት ነጥብ እንዲታይ አደረገው። «በጓደኞቼ ፊት እየደወለች እንዳታሳፍረኝ። አንተ ንገራት» አለኝ።

እሁድ ቀኑን ሙሉ ነገርኳት። ከቀትር በኋላ ነጥቧ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «ምሳ ላይ ናቸው» አልኩ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ገደልን ሜዳ ያስመስላል። ያ ነጭ መስመር መንገድ ሳይሆን ጎርፍ የሚወርድበት ነበር፤ መጨረሻው ገደል። በረከት መንገዱን ላሳያችሁ ብሎ ቀድሟቸው ወረደ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው፣ አመሻሽ ላይ ነጥቧ ወደ አዲስ አበባ መመለሷን ብቻ ነው።

«እየመጣ ነው» አልኳት። ሱሉልታን አለፈ። እንጦጦን ወረደ። «ሸጎሌ ደርሷል» ስላት ሽሮውን መልሳ ጣደችው።

ነጥቧ ግን ወደ እኛ አልታጠፈችም። ወደ መሀል ከተማ ወርዳ አንድ ሆስፒታል ላይ ቆመች። ብደውል የሚያነሳ የለም። ስልኩ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ጓደኛው ታሞ ይሆናል» አልኩ።

«እሱ እንደሆነ ሰው ሳያደርስ አይመጣም» አለች። ደስ ብሏት።

ትንሽ ቆይቶ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተፈራ በር ላይ መጡ። «እናትህ እራት በላች?» ብለው ብቻ ጠየቁኝና ሳይገቡ ሄዱ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሐዘንተኛው አንዲት ሌሊት ይተኛ ተብሎ። ሰፈሩ ሁሉ አውቋል። እኛ ሽሮውን ከድነንለት ተኛን። ደግነት ነው ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች፣ ነጠላቸውን እንደዚያው። ገባኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አልኳቸው። «ቁርሷን እየበላች ነው።»

አንገታቸውን ደፉ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተመለስኩ። እማዬ በእጄ የያዝኩትን ስልክ አየች።

«አሁንስ የት ደረሰ?»

«መጀመሪያ ብዪ» አልኳት።

ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። ሻይ ጨመርኩላት። በዝግታ ጠጣች፤ እኔም አላጣደፍኳት። ስትጨርስ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኩና በሩን ከፈትኩላቸው።