የዘሃራ ድምፅ ያለበት ካሴት

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከሚሴ ስማር ነው። የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ልጄ ቤቴ ድረስ ይዛብኝ መጣች።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ትልቋ እኔ ነበርኩ። የቋንቋ መምህራችን የኦሮምኛና የእንግሊዝኛ አናባቢዎችን በካሴት ቀርጾ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ሊልክ አሰበ። የሚያነብ ሰው ከክፍላችን ሊመርጥ ነው።

እንደምመረጥ አልተጠራጠርኩም። የኦሮምኛው አናባቢ የት እንደሚረዝም፣ እንግሊዝኛው ከ«ኦ» ተነስቶ «ኡ» ላይ እንደሚያርፍ ከኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። አፌ ግን እሺ አይለኝም። «ኦ» ካልኩ «ኦ» ብዬ እቆማለሁ።

ዘሃራን መረጠ። የሰንበቴ ገበያ ከብት ነጋዴ ልጅ ናት፤ ደብተር እንኳ በወጉ አትይዝም። ኦሮምኛው የእናቷ ነው፤ ዐረብኛውን ቁርኣን ስትቀራ ለምዳዋለች፤ እንግሊዝኛውም አፏ ውስጥ እንግዳ አልሆነም። ስታነብ ክፍሉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እኔ ቀናሁ።

በማግስቱ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ፣ ስቀረጽ አብረሽኝ ተቀመጪ። ወላሂ፣ እኔ መሳብ እንጂ የት እንደማቆም አላውቅም።»

«መምህሩ አለልሽ አይደል?»

«እሱማ ምንም ብል ‹ጎበዝ› ነው የሚለኝ።»

የራስሽ ጉዳይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከልክ በላይ የተሳበ አናባቢ ልጆች እንዲማሩ መተው አልሆነልኝም። ተቀመጥኩ። ድምፁ ሲበቃ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ አደርጋለሁ፤ ታቆማለች። ተቀርጾ ሲያልቅ መምህሩ ሰልፍ ላይ አመሰገነ፤ እሷን ብቻ።

ከዓመታት በኋላ ልጄ ሰሚራ ከትምህርት ቤት ካሴት ተውሳ መጣች። ቴፑን ስትከፍተው ዘሃራ ሳሎኔ ውስጥ ተናገረች። ልጄ እየተከተለች ታነባለች፤ ረጅሙን ታረዝማለች፣ ከ«ኦ» ወደ «ኡ» የሚሄደውን ታንሸራትታለች። እኔ ያላወረስኳትን አፍ ከዘሃራ ስትወስድ እያየሁ እንደገና ቀናሁ።

ደግሞ በየቃሉ መጨረሻ ጠረጴዛውን በእርሳስ ትመታለች።

«ምን ያስንኳኳሻል?» አልኳት።

«ካሴቱ ላይ አለ እኮ፣ እማ። ኳ ሲል ይቆማል።»

የማን እርሳስ እንደሆነ አልነገርኳትም። ድምፁ የኔ በሆነ ኖሮ እያልኩ ዛሬም በዘሃራ እቀናለሁ። ልጄ ስታነብ ግን ሥራዬን ትቼ እሰማለሁ። አንዳንዴ እርሳሷ ይዘገያል። እሱን አርማታለሁ።